አዳፓሊን ጄል በደሴ መደርደሪያ ላይ፦ ለብጉርና ለሰፋ የቆዳ ቀዳዳ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ለብጉር መፍትሔ ፍለጋ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ደጃፍ ያገኛል፤ አንደኛው መድኃኒት ቤት፣ ሁለተኛው የመዋቢያ ሱቅ። ከመድኃኒት ቤቱ የሚወጣው ማሸጊያው የማያምር፣ ውጤቱም ሦስት ወር የሚያስጠብቅ ትንሽ ቱቦ ነው። ከመዋቢያ ሱቁ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ካርቶን፣ ፊቷ የፈካ ሴት ፎቶ፣ «በሰባት ቀን» የሚል ተስፋ ይወጣል። እዚህ የምንመዝነው የመጀመሪያውን ነው፤ አዳፓሊን 0.1 በመቶ፣ ከጓደኛው ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ለአብዛኛው ብጉርና በወዝ ተደፍኖ ለሰፋ ቀዳዳ፣ ከመደርደሪያው ላይ ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጨው እሱ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ገና ሥራውን ሳይጀምር፣ በሦስተኛው ሳምንት ይጥለዋል። የሚጥለውም መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ አቀባቡንና ምን እንደሚጠብቀው የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ወዝ በእኛ ቋንቋ ሙገሳ ነው። ፊቷ ወዛም ነው፣ ወዘናዋ ያምራል ይባላል፤ ወሎ ላይማ ይህ ቃል ክብደት አለው። ሙገሳውን የሚያመጣው ቅባት የሚመነጨው ከፀጉር ሥር ጋር ተያይዘው ከሚገኙ የወዝ ዕጢዎች ነው። በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ዕጢዎቹን ያሳድጓቸዋል፤ ወዙም ይበዛል። በዚያው ሰሞን የቀዳዳውን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑት የቆዳ ሕዋሶች በወጉ ተራግፈው መውጣት ትተው እርስ በርስ ይጣበቁና እንደ ቡሽ ይወተፋሉ። ወዙ ከቡሹ ጀርባ ይጠራቀማል። ድሮም እዚያው የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለው ባክቴሪያ በተጠራቀመው ወዝ ይራባል፤ ሰውነት ይቆጣል፤ ቀዩ፣ የሚያመውና መግል የያዘው እብጠት ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለበትም። ፊቱን በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና የሚፈትግ ልጅ ብጉሩን አያጥብም፤ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ። «ስታገባ ይጠፋል» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ብጉርን የሚያበርደው ሰርግ ሳይሆን ሆርሞኑ ከዕድሜ ጋር መርጋቱ ነው። ሃያዎቹን አልፎ የሚቀጥልበት ሰውም ጥቂት አይደለም።

መስታወት ላይ ዛሬ ጠዋት የታየው ብጉር ቡሹ መወተፍ የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው፤ እስከ ሁለት ወር ሊደርስ ይችላል። ይህ አንድ ነገር ከገባን የመድኃኒቱ አዝጋሚነትም ይገባናል። አዳፓሊን ከቫይታሚን ኤ ወገን ከሆኑት፣ ሬቲኖይድ ከሚባሉት ነው። የሚሠራውም በወጣው ብጉር ላይ ሳይሆን ገና ባልታየው ቡሽ ላይ ነው፤ ሕዋሶቹ ሳይጣበቁ እንዲራገፉ ያደርጋል፣ ቁጣውንም ያበርዳል። ስለዚህ የወጣችዋን አንዲት ብጉር ብቻ ነጥሎ በጣት መንካት ከንቱ ድካም ነው። ብጉር የሚወጣበት አካባቢ በሙሉ፣ ዛሬ ንጹሕ የሚመስለውም ጭምር ይቀባል።

ታላቅ ወንድሙ ትሬቲኖይን ይባላል። እሱም ይሠራል፤ ግን ብርሃን ያበላሸዋል፣ ቆዳንም ይበልጥ ያስቆጣል፣ በቆየው አሠራሩ ደግሞ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ኃይሉን ያጣል። አዳፓሊን ብርሃኑንም ጓደኛውንም ይችላል። አሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህንኑ 0.1 በመቶውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ የፈቀደችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጄልና ክሬም ሆኖ ይመጣል። እዚህ ላይ ወሎ ውስጥ የት እንደሚኖሩ ለውጥ ያመጣል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ ፊትን ያለ መድኃኒትም ይሰነጥቃል። ቆዳው ወዛም ያልሆነ የደሴ ሰው ክሬሙን ቢይዝ ይሻለዋል። ኮምቦልቻ ወረድ ብላ ሞቃት ስለሆነች ላብ አለ፤ እዚያ ቶሎ የሚደርቀው ጄል ይመቻል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ማታ ፊት ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ተራው የገላ ሳሙና አልካሊነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው ዘጠኝና ዐሥር ይደርሳል፣ የጤናማ ቆዳ ግን አምስት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለፊት የተሠራ ለስላሳ ማጠቢያ ካለ እሱ ይመረጣል፤ ከሌለ ሳሙናው በቀን ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፣ በእጅ ብቻ እንጂ በሻካራ ጨርቅም አይፈተግበትም። ከዚያ በፎጣ መታ መታ አድርጎ ማድረቅና ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ከተቀባ ማቃጠሉ ይብሳል። መጠኑ ለሙሉ ፊት የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ነው። እሱ በአምስት ነጥብ ይከፋፈላል፤ ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አፍንጫና አገጭ። ከዚያ በስሱ ይዳረሳል። የዐይን ቆብ፣ የአፍንጫ ጥግና የከንፈር ጥግ ይታለፋሉ፤ መጀመሪያ የሚላጡት እነሱ ናቸው። ላዩ ላይ ሽታ የሌለው ቀለል ያለ ማለስለሻ ይደረብበታል። ቆዳው ስስ የሆነ ሰው ማለስለሻውን ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ቢቀባ ነውር የለውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሦስት ሌሊቱ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት ሌሊቱ፣ ቆዳው ከቻለ ከዚያ በኋላ በየማታው። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ይዳን ብሎ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ በወፍራሙ የቀባ ሰው በሳምንቱ ፊቱ ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያቃጥላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነገሩ በመላጥ አያበቃም፤ የተቆጣ ቆዳ ብዙ ጊዜ ጥቁር ምልክት ጥሎ ያልፋል፣ ምልክቱም ወራት ይቆያል። ብዙዎቻችንን የሚያስለቅሰው ብጉሩ ሳይሆን እሱ የተወው ጥላ ስለሆነ፣ በዝግታ መጀመር ለእኛ ቆዳ የግድ ነው።

በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ብጉሩ ብሶ ሊታይ ይችላል። ከሥር የተወተፉት ቡሾች አንድ ላይ እየወጡ ነው። አብሽሩ፣ ማቆም አያስፈልግም፤ ማቃጠሉ ከበዛ አንድ ሁለት ሌሊት ዘሎ መመለስ ነው። ሰው ስምንተኛው ሳምንት ላይ መሻሻሉን ያያል፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን በ12ኛው ሳምንት ነው። ለጥር ሰርግ የምትዘጋጅ ሙሽራ መስከረም ላይ ከጀመረች ትደርሳለች። ታኅሣሥ ላይ የጀመረች ግን በሰርጓ ሰሞን የምታገኘው ልጣጩን ብቻ ነው፤ እሷ ከሰርጉ በኋላ ብትጀምረው ይሻላል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ሬቲኖይድ የሚባል ነገር ሁሉ መተው አለባት።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጠዋት የሚቀባው ጓደኛው ነው። ባክቴሪያውን በኦክስጅን ይገድላል፤ ባክቴሪያውም እንደ አንቲባዮቲክ ሊለምደው አልቻለም። 2.5፣ 5 እና 10 በመቶ እየሆነ ይሠራል። ገዥ አሥሩን ያነሳል፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ። ስሕተት ነው። ለተቆጣ ብጉር 2.5 በመቶው ከአሥሩ ጋር እኩል ይሠራል፣ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው። 5 በመቶው ብቻ ከተገኘ ቀብቶ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ቀን አለመጀመር፤ አዳፓሊኑን ቆዳው ከለመደ በኋላ፣ አራተኛው ሳምንት ገደማ ይህን መጨመር። ሁለቱን በአንድ ቱቦ የያዘ ቅልቅልም አለ፤ ከተገኘ ድካም ይቀንሳል።

አንድ ጉድለቱን ሻጮች ሲናገሩ አይሰማም፤ ጨርቅ ያነጣል። ባለቀለም ሻሽ፣ ሂጃብ፣ የነጠላ ጥለት፣ የትራስ ልብስ፣ የነካውን ሁሉ ቀለሙን ይበላዋል፣ አይመለስምም። ነጭ ፎጣና ነጭ የትራስ ልብስ መመደብ፣ ሂጃብ ወይም ሻሽ ከመታሰሩ በፊትም በደንብ መድረቁን ማየት ነው።

ስለ ቀዳዳው። የሰፋ ቀዳዳ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በር አይደለም፤ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ የለውም። የፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ፊትን ደፍኖ መቀመጥ አይከፍተውም፣ ቀዝቃዛ ውኃም አይዘጋውም። እንፋሎቱ ቢያቃጥል ግን ጠባሳው ይቀራል። የእንቁላል ነጭ ሲደርቅ ቆዳውን ወጥሮ ለጥቂት ሰዓት ያጠበበ ያስመስላል፤ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ስፋቱን የሚወስነው በመጀመሪያ ከወላጅ የተወረሰው ነው፤ ቀጥሎ የወዙ ብዛት፣ ቡሹ፣ በመጨረሻም ቆዳው በዕድሜና በፀሐይ መላላቱ። የተወረሰውን የሚለውጥ ክሬም የለም፤ «ቀዳዳ ይዘጋል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሁሉ ከዚህ ላይ ይዋሻል። አዳፓሊን የሚያደርገው ቡሹን አስወግዶ ቀዳዳው ወደ ራሱ መጠን እንዲመለስ ነው። በወራት ውስጥ ልዩነቱ ይታያል፤ አንድ ክንድ ርቆ በሚያዝ መስታወት እንጂ አፍንጫን መስታወት ላይ ለጥፎ ከሆነ የማንም ሰው ቀዳዳ ትልቅ ነው።

አፍንጫ ላይ የሚታዩት ግራጫ ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደሉም፤ የወዝ መውጫው የተፈጥሮ ሙሌት ናቸው። በሚለጠፍ ወረቀት ቢነቀሉ በሳምንታት ውስጥ ተመልሰው ይሞላሉ። ጉንጭ ላይ ያሉት ቅርጻቸው የተዛባና ጠልቀው የገቡ ጉድጓዶች ደግሞ የብጉር ጠባሳ እንጂ ቀዳዳ አይደሉም፤ የሚቀባ ነገር አይሞላቸውም። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ የሚከለከለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፀሐይ ሳትታሰብ ይህ ሁሉ ድካም ግማሹ ይባክናል። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረርን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የደሴ ሰው ብርዱን እያየ ፀሐይ የሌለች ይመስለዋል፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግም ያዘናጋዋል፤ ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ጥቁር ምልክቱን የሚያጠቁረው ይኸው ነው። መፍትሔው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው፤ ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅሙ መለኪያ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ በሁለት ጣት ርዝመት ያህል ለፊትና ለአንገት፣ ቀን ውጭ ለሚውል በየሁለት ሰዓቱ። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣም ይረዳሉ።

ግንባር ላይና በፀጉር መስመሩ ዙሪያ ብቻ የተደረደረ ጥቃቅን እብጠት ያለበት ሰው ቱቦ ከመግዛቱ በፊት ፀጉሩን ይጠይቅ። ቅቤ ተቀብቶ ሻሽ አስሮ ማደር እዚህ አገር የቆየ ወግ ነው፤ ለፀጉሩም ደግ ነው። ሌሊት ሲቀልጥ ግን ወደ ግንባር ይወርድና ቀዳዳውን ይደፍናል። ቅቤውን መተው አያስፈልግም፤ ከግንባር መስመር ሁለት ጣት አርቆ መቀባት፣ ግንባሩን ጠዋት መታጠብ፣ ሻሹንና የትራሱን ልብስ ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው። እብጠቱ አንድ ዓይነት መጠን ያለውና የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ብጉር ላይሆን ይችላል። የፀጉር ሥርን የሚያስቆጣ እርሾ መሰል ፈንገስ አለ፤ አዳፓሊንም አንቲባዮቲክም አያድነውም፣ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል።

አሁን ወደዚያኛው ደጃፍ፣ ወደ መዋቢያ ሱቁ። «በሰባት ቀን» የሚለው ቃል ውሸት ያልሆነበት ጊዜ አለ፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ፊት የሚያቀሉ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ ፍሉኦሲኖሎን። ስቴሮይድ ቁጣን ወዲያው ስለሚያበርድ በሳምንቱ ብጉሩ ይከስማል፣ ፊቱ ይፈካል፣ ሰውም ይመሰገናል። ሳምንታት ሲቆጠሩ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፀጉር ይበቅላል፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ ጥቃቅን ብጉር ፊቱን ይሞላዋል። ሲያቆሙት ፊቱ እሳት ይሆናል፤ ለማብረድ መልሰው ይቀቡታል። ከዚህ አዙሪት መውጣት ወራት ይፈጃል፣ ያለ ሐኪምም ከባድ ነው። የፈንገስ፣ የባክቴሪያና የስቴሮይድ መድኃኒት በአንድ ቱቦ የያዙ ቅባቶችም ለብጉር ሲሸጡ ይታያል፤ እነሱም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሃይድሮኪኖን የተባለው ቆዳ አቅላይ ያለበትን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ የቀባ ሰው የሚላቀቅ የማይመስል ሰማያዊ ጥቁረት ሊያተርፍ ይችላል። ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ቃል ካለበት ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ አለመንካት። የይዘት ዝርዝር ጭራሽ የሌለበት፣ ሱቁ ራሱ በጠርሙስ የቀላቀለው ከሆነ ደግሞ የሚነበብ ነገር እንኳ የለውም።

ሎሚ ከዚህ ጋር መነሣት አለበት። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራልም። የጥርስ ሳሙናም ያቆስላል።

ከአዳፓሊን ሌላ ገንዘብ የሚገባቸው አሉ። ሳሊሲሊክ አሲድ 2 በመቶ ወዝ ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ ለጥቁር ነጥብና ለወዛም አፍንጫ ጥሩ ነው፤ ኃይሉ ግን ከአዳፓሊን ያንሳል፣ ከሱ ጋርም በአንድ ሌሊት አይደረብም። አዜላይክ አሲድ 20 በመቶ ብጉሩንም ጥቁር ምልክቱንም ይይዛል፣ በእርግዝናም ይፈቀዳል፤ መጀመሪያ ላይ ያሳክካል። ለነፍሰ ጡርና ምልክት ለበዛበት ሰው ምርጫችን ይህ ነው።

ክሊንዳማይሲን 1 በመቶ የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻውን መቀባት የተለመደ ነው፤ አይበጅም። ባክቴሪያው ይለምደዋል፣ በወራት ውስጥ መሥራቱን ያቆማል። የሚቀባው ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ነው፣ ያውም ለሦስት ወር ያህል ብቻ። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ነው። ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይፈልጋል፤ ከተዋጠ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መተኛት አይቻልም፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። በረመዳን ሱሑር ላይ ውጦ መልሶ መተኛት ለዚህ ጉዳት በር ይከፍታል፤ ከኢፍጣር ጋር መውሰዱ ይሻላል። ከብረት ክኒን ጋር አይወሰድም። ለፀሐይም ቆዳን ያጋልጣል።

ጠልቆ የገባ፣ ሲነካ የሚያም ትልቅ እብጠት፣ ጠባሳ መተው የጀመረ ብጉር፣ የወር አበባዋ የተዛባና አገጯ ላይ ፀጉር የበቀለባት ሴት ብጉር፣ ወይም በወጉ ተቀብቶ በ12ኛው ሳምንት ያልተሻለው የቱቦ ጉዳይ አይደለም። ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የቆየው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው። ለከባዱ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የደም ምርመራ የሚጠይቅ፣ ፅንስን ክፉኛ የሚጎዳ መድኃኒት ስለሆነ፣ ያለ ቆዳ ሐኪም ከማንም እጅ አይቀበሉት።

ሲገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ግራሙን ይጠይቁ። አንድ አተር ሩብ ግራም ገደማ ስለሆነ የ15 ግራም ቱቦ ለስልሳ ሌሊት ያህል ይበቃል፤ የ30 ግራሙ አራት ወር ይዘልቃል። በሁለት ሳምንት ያለቀበት ሰው እየለሰነ ነው ማለት ነው። ቱቦው ላይ 0.1 የሚለውን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና የአፉን ማሸጊያ ይዩ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሙቀት አይወድም፤ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ የተደረደረውን ትተው ከውስጥ መደርደሪያ እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ።